የተበላሸ ኢጂአር ቫልቭ፦ ይጸዳ፣ ያገለገለ ይገዛ፣ አዲስ ይገጠም ወይስ ይደፈን?

ድሬዳዋ ላይ አንድ አሮጌ መኪና ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ በዝግታ ሲሠራ) እየተንቀጠቀጠ ከጠፋ፣ ወይም ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ እየተፋ አልጎትት ካለ፣ ጋራዥ በር ላይ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ኢጂአሩ ነው፣ ይደፈን»። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቫልቩ የሌላ ዕቃ ዕዳ ከፋይ ይሆናል፤ ተደፍኖም፣ ተቀይሮም መኪናው እንደ ነበረው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከአራቱ መንገዶች አንዱን ከመምረጥ በፊት ግማሽ ሰዓት ለምርመራ መስጠት ያዋጣል። ምርመራው ራሱ የትኛውን መምረጥ እንዳለብዎት ይናገራልና።

ኢጂአር ቫልቩ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። ከጭስ ማውጫው ጥቂት የተቃጠለ ጋዝ ወስዶ ወደ አየር ማስገቢያው ይመልሳል። የተቃጠለ ጋዝ ዳግም አይቃጠልም፤ ቦታ ይዞ የሲሊንደሩን ሙቀት ያወርዳል እንጂ። ቃጠሎው ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ሳንባ የሚጎዳ ናይትሮጅን ኦክሳይድ በብዛት ይፈጠራል፤ ቫልቩ የተፈለገው ይህን ለመቀነስ ነው። ቤንዚን ሞተር ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለና ሚኒሞ ላይ ይዘጋል፤ መካከለኛ ጉዞ ላይ ይከፈታል፤ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ሲረገጥ ተመልሶ ይዘጋል። ናፍጣ ላይ ግን ሚኒሞም ላይ ሊከፈት ይችላል። ይህን ልዩነት ያዙት፣ በኋላ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፣ መኪናው ቫልቩ አለው?

ጥያቄው የዋዛ ይመስላል፤ ግን በሌለ ዕቃ ገንዘብ የሚያወጣ ብዙ ነው። ከተማውን የሞሉት የቀድሞዎቹ ቪትዞች አብዛኞቹ ከውጭ የሚታይ ኢጂአር ቫልቭ የላቸውም፤ ሞተራቸው የራሱን የሲሊንደር ቫልቮች ሰዓት በማዛባት ጋዙን እዚያው ሲሊንደር ውስጥ ያስቀራል። በእነሱ ላይ የሚኒሞ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ተጠርጣሪው የቆሸሸ የአየር መግቢያ፣ የሚኒሞ ቫልቭ፣ ካንዴላ ወይም ኮይል ነው። ሐረር ላይ በታክሲነት የኖረው ፔጆ 404 ደግሞ ከነጭራሹ ዘመኑ አይደለም።

ለማረጋገጥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከጭስ ማውጫ ማኒፎልዱ ተነስቶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሻገር፣ የጣት ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ ይፈልጉ። በቱቦው ጫፍ በሁለት ቡሎን የታሰረ ዕቃ አለ። አናቱ እንደ እንጉዳይ ክብ ሆኖ ቀጭን የጎማ ቱቦ ከገባበት በቫኪዩም (ሞተሩ አየር በሚስብበት ኃይል) የሚሠራ ነው። የኤሌክትሪክ ሶኬት ብቻ ካለው ደግሞ በውስጡ ባለ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ወይም በኮይል የሚከፈት ነው። ከታች እንደምናየው የሁለቱ ምርጫ አንድ አይደለም።

ምልክቶቹ ምን ይላሉ?

ቤንዚን ሞተር ላይ ቫልቩ ተከፍቶ ከቀረ ሚኒሞው ይረበሻል፤ ፍሬን ይዘው ሲቆሙ ይጠፋል፤ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። ነዳጅ ሲሰጡት ግን ይሻሻላል። ተዘግቶ ከቀረ ሚኒሞው ሰላም ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅና በግማሽ ነዳጅ ዳገት ሲይዝ ግን እንደ ጠጠር በቆርቆሮ የሚንኳኳ ድምፅ ይሰማል።

ናፍጣ ላይ ተከፍቶ መቅረት የሚታየው በጥቁር ጭስና በጉልበት ማጣት ነው፤ ሚኒሞው ብዙም ላይረበሽ ይችላል። ተዘግቶ ከቀረ ሹፌሩ ምንም ሳያውቅ ወራት ሊነዳ ይችላል፤ የሚያሳብቀው የሞተር መብራቱ ነው።

የኮምፒውተር ምርመራ የሚቀበል መኪና ከሆነ አራት ቁጥሮች ይጠበቃሉ፦ ፒ0401 የሚያልፈው ጋዝ አንሷል፣ ፒ0402 በዝቷል፣ ፒ0403 የኤሌክትሪክ መስመሩ ችግር አለው፣ ፒ0404 ቫልቩ በታዘዘው ልክ አልተንቀሳቀሰም። ፒ0401 ሲነበብ «ቫልቩ ሞቷል» ብሎ መዝለል የተለመደ ስህተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቫልቩ ደህና ሆኖ መተላለፊያው በጥቀርሻ ተደፍኖ ነው። በዚህ ቁጥር አዲስ ቫልቭ ገዝቶ ያስገጠመ ሰው በሳምንቱ መብራቱ ተመልሶ ሲበራ ያያል።

አንድ የአገራችን ጉዳይ እዚህ ይግባ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናቸው። የውጭ መመሪያ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪዩም ያሳያል ይላል፤ ያ ግን ለባሕር ዳርቻ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ይቀንሱ። ድሬዳዋ ላይ ከ13 እስከ 17፣ ሐረር ላይ ከ11 እስከ 15 ጤነኛ ነው። ሐረር ላይ 13 አንብቦ «ቫልቩ ያፈሳል» የሚል መካኒክ ከፍታውን ረስቷል። እንዲሁ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ከደንገጎ በላይ አየሩ ሲሳሳበት ጥቂት ጥቁር ጭስ ማውጣቱ ከቫልቩ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ሜዳ ላይም፣ ድሬዳዋ ውስጥም የሚያጨስ ከሆነ ያን ጊዜ ይጠርጥሩ። የቤንዚኑ ማንኳኳት ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ድሬዳዋ ሙቀት ላይ የሚሰማው ሐረር ሲደርስ ሊቀንስ ይችላል፤ መዳኑ ግን አይደለም።

ርካሹን አስቀድሞ

የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ይዩት፤ የድሬዳዋ አቧራ ከመመሪያው ኪሎ ሜትር ቀድሞ ይደፍነዋል፣ የተደፈነ ፊልትሮ ደግሞ ናፍጣን እንደ ኢጂአር ያስጨሳል። ቀጥሎ ፒሲቪ ቫልቩን (የሞተሩን የውስጥ ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰውን)፦ ከቴስታታው ሽፋን ነቅለው ሲያንቀጫቅጩት መንኳኳት አለበት፤ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሳለ ጫፉን በጣት ሲደፍኑ መሳብ አለበት። ዝም ያለ ፒሲቪ በጥቂት ብር የሚቀየር ነው፣ ምልክቱም ከኢጂአር ጋር ይምታታል። ከዚያ የጎማ ቱቦዎቹን እያጎበጡ ይመርምሩ። ሙቀት ያደረቀው ቱቦ ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ጫፉ ላይ ስለሆነ፣ ርዝመቱ ከፈቀደ 1 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መልሶ መሰካት ይበቃል። በግሉኮስ ቱቦ መተካት ግን አያዛልቅም፤ ጭስ ማውጫው አጠገብ ለስልሶ ይጣበቃል።

ቫልቩን ራሱን መፈተሽ

በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ይዋሱ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ሚኒሞ ላይ ይሁን። የቫልቩን ቱቦ ነቅለው ፓምፑን ይሰኩና ወደ 10 ኢንች ይሳቡ። ቤንዚን ሞተር መንገጫገጭ ወይም መጥፋት አለበት። የፓምፑ መርፌ ባለበት ቆሞ ሞተሩ ምንም ካልተሰማው ሜምብራኑ (የቫልቩ አናት ውስጥ ያለው ስስ ጎማ) ደህና ነው፤ ወይ ዘንጉ ተጣብቋል ወይ መንገዱ ተደፍኗል፤ ማጽዳት ያድነዋል። መርፌው ወዲያው ከወደቀ ሜምብራኑ ተቀዷል፤ የፈለገ ቢጸዳ አይድንም። አንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ግን የጭሱ ግፊት ካልደገፈው በቀር ቫኪዩም የማይዝ ዓይነት አለና ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አይፍረዱበት።

ፓምፕ ከሌለ ቫልቩን ፈትተው ሜምብራኑን በጣት ወደ ውስጥ ይግፉት፤ እንደተገፋ የቱቦውን አፍንጫ በሌላ ጣት ይድፈኑና ሜምብራኑን ይልቀቁት። ባለበት ከቆየ ደህና ነው። ወዲያው ከተመለሰ ቀዳዳ አለው። ይህን ሱቅ ባንኮኒ ላይም መሥራት ይቻላል፤ ያገለገለ ሲገዙ ዋጋው ይታያል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ላይ ቁልፉ ሲከፈት ብዙዎቹ አጭር ዝዝታ ያሰማሉ። ሶኬቱን ነቅለው የኮይሎቹን ኦም ይለኩ። ትክክለኛው ቁጥር ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ነገር ግን ባለ ብዙ ኮይል ቫልቭ ላይ ኮይሎቹ እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፣ አንዱ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ናፍጣ ላይ ከሁሉ የሚሻለው ስካነር አስሮ ቫልቩን በትእዛዝ መክፈትና የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ማየት ነው። ቫልቩ ሲከፈት የሚገባው ንጹሕ አየር ቁጥር በግልጽ መውረድ አለበት። ካልወረደ ጋዝ አያልፍም።

ተከፍቶ ቀርቷል ብለው ከጠረጠሩ አንድ የመጨረሻ ዳኛ አለ። ከቲማቲም ድልህ ጣሳ ላይ በቫልቩ እግር ልክ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ይቁረጡ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ይብሱ፣ ከጓርኒሲዮኑ (ከማሸጊያው) ጋር ደርበው ቫልቩን ያስሩ፣ ሞተሩን ያስነሱ። ሚኒሞው ከተስተካከለ ጥፋተኛው ቫልቩ ነው። ካልተስተካከለ ነጻ ይውጣ፤ የሚያፈስ የአየር መስመር ወይም የማይተኩስ ካንዴላ ይፈልጉ። ቆርቆሮው ለፈተና ነው፣ ሲጨርሱ ያውጡት።

ማጽዳት፦ ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ምርጫ

ሜምብራኑ ወይም ኮይሉ ደህና ከሆነ ሌላ ከማሰብ በፊት ማጽዳት ነው። ቤንዚን መኪና ላይ የሁለት ሦስት ሰዓት ሥራ ነው። ዲ-ፎር-ዲ የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያላቸው ሃይሉክስና ሃያስ ላይ ግን የአየር ማኒፎልዱም አብሮ ካልወረደ ግማሽ ሥራ ይሆናል፤ ውስጡ ዘይት ከጥቀርሻ ጋር ተለውሶ እንደ ሬንጅ ይጋገራልና። አንድ ሙሉ ቀን ይያዙለት።

አደጋው ቡሎኖቹ ናቸው። ዓመታት በሙቀት የተጠበሰ ቡሎን በጉልበት ሲዞር አንገቱ ይቀራል፤ ከዚያ መሰርሰር፣ ጥርስ ማውጣት ይመጣል። ማታ ዝገት የሚፈታ ዘይት ነፍተው ይደሩ፣ ጠዋት ይድገሙት፤ እምቢ ካለ ጥቂት ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት እያመላለሱ ያለማምዱት። ከመጀመርዎ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ።

ቫልቩን ሲያጸዱ የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ፣ የጥርስ ብሩሽና የእንጨት ጭረት ይበቃሉ። ፈሳሹ ሜምብራኑንና የኤሌክትሪክ ክፍሉን እንዳይነካ የቫልቩን አፍ ወደ ታች ይያዙ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ብዙ ደህና ቫልቭ ገድሏል። መቀመጫው ላይ የብረት ብሩሽ ወይም ድሪል አያስገቡ፤ ከተጫረ አይገጥምም። መተላለፊያውን ሲፍቁ የማኒፎልዱን አፍ በጨርቅ ይወትፉ፤ ሲሊንደር ውስጥ የገባ የካርቦን ቅርፊት ከኢጂአሩ የባሰ ጣጣ ነው። ሲጨርሱ ቫልቩን ገልብጠው መቀመጫው ላይ ጥቂት ነጭ ጋዝ ያፍስሱ። አንድ ደቂቃ ካላፈሰሰ ይዘጋል ማለት ነው። ካፈሰሰ መቀመጫው ተበልቷል፣ ወደ መቀየር ይሂዱ።

ጓርኒሲዮኑን በተመለከተ፦ ከተራ ወረቀት የተቆረጠው ይቃጠላል፣ ሲሊኮንም አያዛልቅም። የብረት ወይም የግራፋይት ይፈልጉ። መመሪያ ከሌለ 12 ቁጥር ቁልፍ የሚይዘው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከ15 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ ሁለቱን እያፈራረቁ ያጥብቁ።

ማጽዳት የማይሠራው ምክንያቱ ካልተነካ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ዘይት የሚለቅ ቱርቦ ካለ ቫልቩ በጥቂት ወር ይመለሳል። ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን መጋላ በአጭር መንገድ እየተመላለሰ ሳይሞቅ የሚጠፋ መኪናም ቶሎ ይጠቁራል። «ደንገጎን በሙሉ ነዳጅ ውጣው፣ ራሱን ያጸዳል» የሚለውን ምክር አንቀበለውም። በሙሉ ነዳጅ ቫልቩ ተዘግቶ ነው የሚወጣው፣ ጋዝ ሳያልፍበት ምኑ ይጸዳል?

ያገለገለ መግዛት

ለቫኪዩም ዓይነት ጥሩ ምርጫ ነው። ብረቱ ኦሪጅናል ነው፣ ሜምብራኑንም ከላይ በተባለው የጣት ፈተና በአንድ ደቂቃ ሱቅ ውስጥ ያረጋግጡታል፤ መቀመጫውን በነጭ ጋዝ ይፈትኑታል። አሮጌውን ይዘው ይሂዱና የተቀረጸውን ቁጥር፣ የቡሎን ርቀቱንና የቱቦውን አቅጣጫ ያመሳክሩ። መልኩ አንድ ሆኖ የስፕሪንጉ ጥንካሬ የሚለያይ አለና ቁጥሩ ከመልኩ ይበልጣል።

ለኤሌክትሪክ ዓይነት ግን አንመክርም። የውስጥ ሞተሩና የአቀማመጥ ሴንሰሩ ማለቃቸው በዓይን አይታይም፤ በኦም መለኪያም ሁሉ ነገር ደህና መስሎ መኪናው ላይ ሲሞቅ የሚጣበቅ ብዙ ነው። ሌላ አማራጭ ከጠፋ «ገጥሜ ካልሠራ እመልሳለሁ» የሚለውን ስምምነት ደረሰኙ ላይ ያጽፉ።

አዲስ መግጠም

ሜምብራኑ ከተቀደደና ያገለገለ ካልተገኘ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ቫልቭ ከሞተ ገንዘቡ እዚህ ይዋል። በመኪናው ስምና ዓመት ብቻ አይዘዙ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ይስጡ። አንድ ዓይነት መኪና ለጃፓን፣ ለዐረብ አገርና ለአውሮፓ የተለያየ ቫልቭ ይዞ ይወጣል። ርካሹ ቅጂ በቫኪዩም ዓይነት ላይ አንዳንዴ ይሄዳል፤ በኤሌክትሪኩ ላይ ግን የሴንሰሩ ንባብ ከኮምፒውተሩ ጋር ሳይስማማ ፒ0404ን ይዞ ይመጣል፣ በርካሽ የተገዛው በውድ ይጠናቀቃል። አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት መተላለፊያውን ማጽዳት ግዴታ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ አዲሱን ቫልቭ በስካነር እንዲያውቀው መደረግ አለበት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እጅ ላይ ያለው መኪና ረጅም ዕድሜ ሊሰጠው የግድ ነው። የአዲስ ቫልቭ ወጪ ሲመዘን ይህም ይታሰብ።

መድፈን

በከተማው በጣም የሚወደደው መንገድ ይህ ነው፤ ላሜራ ቆርጦ ሁለት ቡሎን ማሰር፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ። የሚደግፉት ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም፦ የናፍጣ ማኒፎልድ ጥቀርሻ በርግጥ ይቀንሳል። ሒሳቡ ግን ሙሉ አይደለም።

ቤንዚን ላይ የቃጠሎው ሙቀት ይጨምርና ማንኳኳት ይመጣል፣ በተለይ በድሬዳዋ የቀትር ሙቀት። የሚያንኳኳ ሞተር በጊዜ ብዛት ፒስተን ይሰነጥቃል። ኮምፒውተር ያለው ናፍጣ ላይ የአየር መለኪያው የሚጠብቀውን ለውጥ ስለማያይ መብራቱ ይበራል፣ አንዳንዱም ራሱን ለመጠበቅ ጉልበት ይቀንሳል፤ ያኔ መኪናው ደንገጎ ላይ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። መብራቱን ለማጥፋት ሶፍትዌር ማስነካት ይከተላል፣ ያ ደግሞ በርካሽ አያልቅም። ናይትሮጅን ኦክሳይዱም የትም አይሄድም፤ መጋላ ውስጥ ከመኪናው ኋላ ባጃጅ ላይ የተቀመጠው ሰው ይስበዋል።

ስለዚህ መድፈንን ከጥገና አንቆጥረውም። መንገድ ላይ ተከፍቶ ለቀረ ቫልቭ እስከ ጋራዥ ማድረሻ ብቻ ይሁን፤ ለዚያም ቢሆን የቫኪዩም ዓይነት ላይ ዘንጉ ካልተጣበቀ ላሜራ አያስፈልግም፣ ቱቦውን ነቅሎ በቡሎን መወተፍ ይበቃል።

ለየትኛው መኪና የትኛው?

የቤት መኪና፣ ቤንዚን፣ በቫኪዩም የሚሠራ፦ ያጽዱ፤ ሜምብራኑ ከተቀደደ ፈትነው ያገለገለ ይግዙ። ከድሬዳዋ ሐረር በሳምንት ስድስት ቀን የሚመላለስ ዲ-ፎር-ዲ ሃያስ፦ ማኒፎልዱ ወርዶ ይጽዳ፣ ኢንጀክተሮቹ ይፈተሹ፣ ቫልቩ ከሞተ ኦሪጅናል አዲስ ይገጠም፤ አንድ ቀን ከሥራ መቅረቱ ሦስት ጊዜ ጋራዥ ከመመላለስ ይሻላል። ከአወዳይ ጫት ይዞ የሚወርድና አንድ ሰዓት መቆም የማይችል መኪና ባለቤትም ተለዋጭ የጸዳ ቫልቭና ጓርኒሲዮን አስቀድሞ ይዞ ቢያስቀምጥ፣ ቅያሬው ጫት በማይጫንበት ሰዓት ያልቃል። ዘይት የሚበላ፣ ሞተሩ ያለቀ መኪና ላይ ግን አዲስ ቫልቭ አይግዙ፤ አጽድተው ይንዱና ገንዘቡን ለሞተሩ ያቆዩ።

የትኛውንም ቢመርጡ የተመዘገበውን ቁጥር አጥፍተው ሚኒሞው እስኪረጋጋ ጥቂት ቀን ይጠብቁ። ደንገጎን አንዴ ወጥተው ሲመለሱ ሞተሩ ይቀዝቅዝና ሁለቱን ቡሎኖች ዳግም ይሞክሯቸው። በቫልቩ እግር ዙሪያ እንደ ከሰል ጣት የተጫረ ጥቁር መስመር ከታየ ጓርኒሲዮኑ አልያዘም፣ ጋዝ እያፈተለከ ነው፤ ይፈታና በሌላ ጓርኒሲዮን ይታሰር።